ጺሙን ያስረዘመው ሰውዬ

ያታለለን ጺሙ ነው።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ልጆች በሦስት ተደራራቢ አልጋ የምንተኛበት ዶርም። ለፎቁ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ነበረ፤ የደሴው ልጅ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ትንሽ ከተነቃነቀ ድርግም ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው በተራ ይመደብና ሶኬቱን በአውራ ጣቱ ደግፎ ይቀመጣል፤ ያ ሰው ፊልሙን የሚያየው አንገቱን ጠምዝዞ ነው። ያን ማታ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ዓርብ ነበር። ፌሎሺፓችን የአዳር ጸሎት ነበረው፤ እኔ "ራሴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁ። ራሴን አላመመኝም። የ"ሎስት" ሲዝን ሦስት የመጨረሻው ክፍል በአንድ ሰው ሃርድ ዲስክ ደርሶን ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሊወስደው ነው።

ይህን ለምታነቡ ብዙዎቻችሁ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ገና ጡት ትጠቡ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ አድርጎ በየቤታችን ያስገባው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተከታታይ ፊልም ማለት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከሲዲ ቤት ወደ ዶርም የሚሄድ ነገር ነበር፤ አንዳንዱ ክፍል ይጎድላል፣ አንዳንዱ መሃሉ ላይ ይቆማል፣ ያላየነውን እያወራን እንሞላዋለን።

"ሎስት" በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ የጀመረው መስከረም 12 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበር አውሮፕላን ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ አንዲት ደሴት ላይ ይከሰከሳል። የተረፉት ሰዎች እሳት አንድደው፣ ድንኳን ቀልሰው፣ የሚያነሳቸውን ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሲታይ የአደጋና የመትረፍ ታሪክ ነው። ቀስ እያለ ግን ወደ ሳይንስ ልብ ወለድ ይዞራል። በዊልቸር ይሄድ የነበረው ጆን ሎክ ደሴቷ ላይ ሲነቃ ቆሞ ይራመዳል። ከመሬት በታች የተቀበረ የምርምር ጣቢያ ይገኛል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ በየ108 ደቂቃው ስድስት ቁጥሮች መጻፍ አለባቸው፤ ካልተጻፉ ጥፋት ይመጣል ተብሏል። ይመጣል ወይስ አይመጣም በሚለው ላይ እነጃክ አንድ ሙሉ ሲዝን ተጨቃጭቀዋል፤ እኛም ዶርም ውስጥ እንደነሱ። የእኛ ፌሎሺፕ ልጆች በሎክ ወገን ነበሩ፤ የኢንጂነሪንግ ልጆች በሐኪሙ በጃክ ወገን። እኔ አካውንቲንግ ስለነበርኩ እንደ ሁኔታው ነበርኩ።

የአተራረኩ መንገድ ግን አንድ ነበር፤ አልተቀየረም። እያንዳንዱ ክፍል አንድን ሰው ይይዝና አንዴ ደሴቷ ላይ ያለውን ኑሮውን፣ አንዴ ከአደጋው በፊት የነበረውን ሕይወቱን ያሳያል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት "ምልሰት" የምንለው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከስድሳ ክፍል በላይ፣ እንዲህ ሆኖ ሄደ። ስለዚህ ጃክ በጺም ሲመጣ ማናችንም አልጠረጠርንም።

ልተርክላችሁ። የመጨረሻው ክፍል ሲከፈት ጃክ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጧል፤ ጺሙ አድጎ ፊቱን ውጦታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ይጠጣል። አንድ የተቀደደ የጋዜጣ ቁራጭ ያነብና ያለቅሳል። በሌሊት መኪናውን ድልድይ ላይ ያቆምና ራሱን ሊወረውር አጥሩ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ከኋላው መኪና ይጋጫል። ሮጦ እናትና ልጅን ከሚነድ መኪና ያወጣል። ጀግና ተባለ። በኋላ ግን ሆስፒታል ውስጥ እንደሰማነው ሴትዮዋ የተጋጨችው እሱን አጥሩ ላይ ቆሞ ስታየው ደንግጣ ነው። ከዚያ ወደ አንድ የቀብር አገልግሎት ቤት ይሄዳል። ሳጥን ተቀምጧል፤ ለቀስተኛ የለም። ወዳጅ ነህ ወይስ ዘመድ ሲባል ሁለቱንም አይደለሁም ይላል። ሳጥኑን ሳይከፍት ይወጣል።

እኛ ምን አልን? "አይ፣ ይሄ ከመከስከሱ በፊት ነው፤ ለካ ጃክ ሱሰኛ ነበረ!" አልን። ደግሞ አንድ ማስረጃ አገኘን፤ ሆስፒታል ውስጥ ሰክሮ ሲጮህ አባቱን ከላይኛው ፎቅ ጥሩልኝ ይላል። አባቱ ከአደጋው በፊት እንደሞተ እናውቃለን፤ አስከሬኑን ይዞ ሲመለስ ነው አውሮፕላኑ የተከሰከሰው። እንግዲህ አባቱ በሕይወት ካለ ይህ ድሮ ነው። የደሴው ልጅ ይህን አስተንትኖ ሲያስረዳን ሁላችንም ተስማማን፤ ለአንድ ሰካራም ቃል ይህን ያህል ክብር ሰጠነው።

(በነገራችን ላይ የጃክ የቤተሰብ ስም "ሼፐርድ" ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ እረኛ ማለት ይመስላል። የአባቱ የመጀመሪያ ስም ደግሞ ክርስቲያን። ጸሐፊዎቹ ስም ሲያወጡ ቀልደኛ ናቸው። የቀብር ቤቱ ታፔላ ላይ ያለው ስም እንኳ ፊደላቱ ተበትነው ሲገጣጠሙ "ፍላሽ ፎርዋርድ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጣሉ። መልሱ ታፔላ ላይ ተጽፎልን አለፍነው።)

በሌላ በኩል ደሴቷ ላይ ሰዎቹ ሊወጡ ነው። ቻርሊ የሚባለው ሙዚቀኛ እንደሚሞት አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ከሞተ ግን የሚወዳት ልጅና ሕፃኗ በሄሊኮፕተር እንደሚወጡ ሰምቷል። ወደ ባሕሩ ጠልቆ፣ የሬዲዮ ሞገዱን የሚያፍነውን መሣሪያ አጥፍቶ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ሞተ። ከዶርማችን ሁለት ልጆች አለቀሱ፤ አንዱ ሶኬት ያዡ ነው። ጃክ በሳተላይት ስልክ ከአንዲት መርከብ ጋር ተገናኘ። መጥተን እናነሳችኋለን ተባለ። ሦስት ዓመት የተጠበቀችው ቃል ተነገረች። ደስ አለን፤ አጨበጨብን፤ እኔ ሳጨበጭብ ላፕቶፑ ጠፋ።

ስድቡን አልጽፈውም፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ነው።

እንደገና ከፍተን የቀሩትን ደቂቃዎች አየን። ባለ ጺሙ ጃክ በሌሊት ኤርፖርት አጥር አጠገብ ቆሟል። ሰው ይጠብቃል። መኪና ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ የምትወርደው ኬት ናት። ጃክ ኬትን ያወቃት ደሴቷ ላይ ነው። ከአደጋው በፊት ተያይተው አያውቁም።

ዶርሙ ጸጥ አለ። የደሴው ልጅ ቀስ ብሎ "ይሄ... በኋላ ነው" አለ።

ድሮ ያልነው ሁሉ ወደፊት ነበር። ወጥተዋል። ድነዋል። ቤታቸው ገብተዋል። ያ በሰከረ ዓይኑ ጋዜጣ የሚያነበው፣ ከድልድይ ሊዘል የነበረው፣ የዳነው ሰው ነው። እየጮኸ የሚለምናትም አንድ ነገር ነው፦ እንመለስ። መውጣት አልነበረብንም። በየሳምንቱ መጨረሻ አውሮፕላን እየተሳፈረ እንዲከሰከስ እንደሚመኝ ነገራት። እሷ እምቢ ብላ ሄደች። አለቀ።

በአሜሪካ ይህ ክፍል የታየው ግንቦት 15 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሚሌኒየምን ልንቀበል ወራት ሲቀሩን። ርዕሱ "በመስታወቱ ውስጥ" ከሚለው ከሉዊስ ካሮል የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ የተወሰደ ነው። የጻፉት ዴመን ሊንድሎፍና ካርልተን ኪውዝ፣ ያዘጋጀው ጃክ ቤንደር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ፊልሙ ያው ፊልም አልሆነም። እስከዚያ ጥያቄው "እንዴት እንወጣለን?" ነበር፤ ከዚያ ወዲያ "ለምን ወጣን?" ሆነ። ከዚያም ጊዜ ራሱ የታሪኩ ዋና ነገር ሆኖ ሰዎቹ በዘመናት መካከል እየተወረወሩ ሳይንስ ልብ ወለድነቱ በግልጽ ወጣ።

ይህ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ሳነብ ነው፤ ደግሞ ከፊልሙ ያልተናነሰ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ሲዝን ሦስት ሲጀምር ፊልሙ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ጣቢያው ተመልካች እስካለ ድረስ መቀጠል ይፈልጋል፤ ጸሐፊዎቹ ደግሞ መጨረሻውን ሳያውቁ ወደየት እንደሚሄዱ አያውቁም። ስለዚህ እዚያው ይሽከረከራሉ። ምልሰቱ ተሟጦ ተሟጦ፣ በመጨረሻ ጃክ ንቅሳቱን ከየት እንዳመጣው የሚያስረዳ አንድ ሙሉ ክፍል ሠሩ። (እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት "ልጅ ሆኜ ተነቀስኩት" ብላ በሦስት ቃል ጨርሳዋለች።) ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት እንደዚያ ያሉ ክፍሎች ጣቢያውን ለማሳመን ረዷቸው፤ እያያችሁ ነው፣ መጨረሻ ካልተሰጠን ሌላው ቀርቶ ስለ ንቅሳት ልንተርክ ነው። በሚያዝያ 1999 መጨረሻ ላይ ስምምነቱ ይፋ ሆነ፦ ሦስት ሲዝን፣ 48 ክፍል፣ ከዚያ በ2002 ያበቃል። የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ቁጥሩን ትንሽ አዛባው እንጂ ያበቃው በተባለው ዓመት ነው፤ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.። ቀኑን አልረሳውም፤ እኛ አገር ምርጫ የተመረጠበት ቀን ነው። ባለ ጺሙ ጃክ ሊመጣ የቻለው መጨረሻው ስለታወቀ ነው ማለት ነው። የት እንደምትደርስ ስታውቅ ከዚያ ወደዚህ መተረክ ትችላለህ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ፊልሙን ለመተረክ ብቻ ብዕር አላነሳሁም።

እኔ የደሃና ልጅ ነኝ። አምደ ወርቅን የማታውቁ ከሰቆጣ ጠይቁ፤ ሰቆጣን የማታውቁ ከወልድያ ወይም ከኮረም ጠይቁ። ድንጋይ፣ ማር፣ ፍየል፣ ዝናብ ሲመጣ ማሽላና ጤፍ። አያቴ ኽምጥኛ እየተናገረች ስትቆጣ፣ አማርኛ እየተናገረች ስትለምን ነበር ያደግነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶልኝ ስወጣ፣ ያን ቀን አውቶብስ መስኮት ላይ ሆኜ የተሰማኝን አልደብቃችሁም፤ ዳንኩ ነው ያልኩት። ባሕር ዳር ስደርስ ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ዘንባባ። ደሃና ከዚያ በኋላ ለኔ ምልሰት ሆነች። ሰው ከየት ነህ ሲለኝ የምተርክላት፣ ማንነቴን የምታስረዳ፣ ግን ያለቀች። የፌሎሺፕ ምስክርነት ስሰጥም "ከዚያ የመጣሁ" ብዬ እጀምራለሁ፤ ሰዉ እልል ይላል።

ምስክርነት ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ምስክርነቶች ሁሉ ልክ እንደ "ሎስት" የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲዝኖች ናቸው። እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ነበርኩ፣ ሄሊኮፕተሩ መጣ። አሜን ተብሎ እንቀመጣለን። ሄሊኮፕተሩ ካወረደን በኋላ ባለው ማክሰኞ ቤታችን ቁጭ ብለን ምን እንደምንሆን የሚመሰክር ሰው ብዙ አልሰማሁም። ዮሴፍ ግን አለ፤ ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ያለፉት፣ ድሮ ያሉት ሰው፣ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ከፊታቸው ተቀምጦ ነው ያገኙት። ሲያዩትም አላወቁትም። ጺም ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

አጎቴ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወደ መተከል፣ ፓዊ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ፓዊ ዝናብ አለ፤ በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ወባም አለ። አጎቴ ሦስት ዓመት ኖረው በእግራቸው ተመለሱ፤ ወደዚህ ድንጋይ። ብዙዎች እንዲሁ አድርገዋል። ልጅ ሆኜ ይህን ሲያወሩ ከመሄዳቸው ጀምረው አያውቁም። "ተከዜን ስሻገር..." ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ከመጨረሻው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ በቆሎው፣ ወደ ወባው፣ ወደ ጭነት መኪናው ይሄዳሉ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እዚያ ዝናብ እያለ ለምን ተመለሱ?" አልኳቸው። አዩኝ አዩኝና "አንተ ልጅ ብዙ ትጠይቃለህ" አሉኝ። ባሕር ዳር እያለሁ ይህን እንደ ገጠር ቀልድ ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ። ስቀዋል። እኔም ስቄያለሁ።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በእግር ወጥታ፣ አንዳንዱን መንገድ በእግሯ አንዳንዱን በጭነት መኪና፣ ብዙ ቀን ተጉዛ ባሕር ዳር ደረሰች። እኔ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ከአንዲት እህት ጋር ታጭቼ ነበር። እናቴን በሩ ላይ ሳያት መሬት ስሜ ጌታን አመሰገንኩ። ተረፈች። ታሪኩ አለቀ መሰለኝ።

የቤቷን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የመጣችው። ሲመሽ ትፈታዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። ምግብ ትተዋለች። መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ የማታውቀውን መንገድ ታያለች። አንድ ማታ ትዕግስቴ አለቀ፤ ዛሬም የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ።

"እማዬ፣ ተረፍሽ እኮ! ምን ጎደለሽ?"

"መትረፍማ ተርፌያለሁ" አለች። ዝም አለች። "ታዲያ አሁን ምን ልሁን?"

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ኤርፖርት አጥር አጠገብ የቆመው ባለ ጺም ሰውዬ ነው። አንድ አስተማሪ በእንዲህ ያለ ሌሊት ሌላ ነገር ትዝ ቢለው ይሻል ነበር፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

አካባቢው በ2014 ሲረጋጋ ጥር ላይ ይዣት ተመለስኩ። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ነበረኝ። ደርሰን እናቴ ቁልፏን ፈታች። በሩ የለም። መቃኑ ብቻ ቆሟል። ቀፎዎቹ የሉም፤ ፍየሎቹ የሉም። ቁልፉን እጇ ላይ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ቋጠረችውና መጥረጊያ ፈለገች። እኔ ለሁለት ሳምንት ያልኩት ለአንድ ወር ሆነ፤ በሦስተኛው ወር መልቀቂያ ጻፍኩ። እጮኛዬ መጥታ አየች። ሁለት ቀን አደረች። ጥሩ ሰው ናት፤ ውሸት አልተናገረችኝም። "አንተን ለማግባት ነው ቃል የገባሁት፤ ደሃናን አይደለም" አለችኝ። አሁን አግብታ ሁለት ልጆች አሏት። ትክክል የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ አልጽፍም። ኬትም እምቢ ያለችበት ምክንያት ነበራት፤ ያን ማታ ዶርም ውስጥ ማናችንም ስለ እሷ አላሰብንም።

ባለፈው ዓመት ለወጣቶቻችን ይህን ክፍል አሳየኋቸው። አምደ ወርቅ ላይ ያለን ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ በምቾት እንቀመጣለን። ሽማግሌዎቹን አስቀድሜ አስፈቀድኩ፤ አንዱ "ጥቅሱ የት ነው?" አሉኝ፣ ሌላው "መብራት ካለ ይየው" አሉ። መብራት ነበረ። ከሲዝን አንድ ጀምሮ ያለውን በሃያ ደቂቃ ተረክሁላቸውና ቁጭ ብለን አየን። ጺሙን አሁንም ጠበቅሁት። እነሱ ግን እንደ እኛ አልተሸወዱም፤ መሃሉ ላይ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ "መምህር፣ ይሄ በኋላ ነው አይደል?" አለኝ። የዛሬ ልጅ ብዙ ፊልም አይቷል። ተበሳጨሁ፤ አልደብቅም።

ከፊልሙ በኋላ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ስለ መውጣት፣ ስለ መመለስ፣ ስለ አጎቴ፣ ስለ ቁልፉ። ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። አንዲት እህት እጇን አነሳች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አክስቷ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታቀርባለች። ንግግሬ ለእሷ ነበር ብል እውነት ነው። እሷም ያንን አውቃለች።

"መምህር" አለች፣ "እርስዎ ወጥተው ነው የተመለሱት። እኔ ገና አልወጣሁም።"

ልጆቹ ዝም አሉ።

"ያ ጃክስ ቢሆን" አለች፣ "ካልወጣ መመለስ እንዳለበት በምን ያውቅ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሲዝን አራትና አምስት ትንሽ ቀባጠርኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ንገረን አሉኝ፤ እምቢ አልኩ፤ ለእናንተም አልነግራችሁም። በጸሎት ዘጋን። ወደ ቤት ስሄድ ለእናቴ ነገርኳት፤ ፊልሙን ሳይሆን ልጅቷ ያለችውን። እናቴ የእኔን ቤተ ክርስቲያን አትመጣም፤ የራሷ አላት፤ የምማረውንና የማስተምረውን ግን ትሰማለች። "ልጅቷ ልክ ናት" አለችኝ። "አንተንስ መቼ ከለከልኩህ?"

እውነት ነው። አልከለከለችኝም። አውቶብሱ ሲነሳ ዳቦ ቆሎ ሰጥታኝ፣ እንባዋን እኔ ሳላይ ነው ያፈሰሰችው። ያን ቀን ከመስኮቱ ሆኜ ዳንኩ ስል፣ እሷ ውጭ ቆማ ምን ትል እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

ስለ ፊልሙ ፍጻሜ ከጠየቃችሁኝ፣ ሲዝን ስድስት እንደ ጀማመሩ አልሆነልኝም። ብዙ የከፈቷቸውን በሮች አልዘጉም፤ መጨረሻውን ያወቀ ሰውም መንገዱ ላይ ሊባክን እንደሚችል ከዚያ አይቻለሁ። በዚህ ከደሴው ልጅ ጋር እስከ ዛሬ በቴሌግራም እንከራከራለን። እሱ አሁን ሚኒሶታ ነው። በክርክሩ መሃል ደሴ እንዴት ናት ይለኛል፤ ደሴ ከእኔ ሩቅ እንደሆነች ረስቶ።

ልጅቷ የሄደችው ጥቅምት ላይ ነው። አውቶብሱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔ ልሸኛት ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ነበር፤ ሰቆጣ የምልከው ሪፖርት ስለነበረ። አባቷ ሻንጣዋን ጣራው ላይ እያስጫኑ ሳሉ ወደ እኔ መጣችና ከቦርሳዋ ትንሽ ፍላሽ አወጣች።

"መምህር፣ ሲዝን አራት አለዎት?"

"አለኝ።"

"ይገለብጡልኛል?"

አውቶብሱ ጎማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይሄኛው ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ግን ቀርፋፋ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራል አለ። ከዚያ አሥራ አራት አለ። እሷ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መስመሩን ታያለች። ረዳቱ "ግቡ! ግቡ!" ይላል። አባቷ ጉንጯን ስመው መሃረባቸውን ፈለጉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ጥሩምባውን ሁለቴ ነፋ።

"ልንቀለው?" አልኳት።

"ትንሽ" አለች።

ሰማንያ ሦስት ላይ ነበር።